እንጨቱ እስኪደርቅ

አባቴ ጊታር ሊሠራልኝ ቃል የገባው በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ነው። አባት በገዛ እጁ ለልጁ ጊታር ሠራ ሲባል የሰማ ሁሉ «ወይ መታደል!» ይላል። እኔም እንደዚያው ብያለሁ፤ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሜ አመስግኛለሁ። በዚያ ጊታር ሦስት ዓመት ሙሉ እንደምታሰር የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝም የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

ቤታችን አቃቂ በሰቃ፣ ከአሮጌው ሐዲድ ብዙም ሳይርቅ ነበር። አባቴ የባቡር ፉርጎ አናጢ ነበር፤ ወንበሩን፣ በሩን፣ ወለሉን ሲሠራና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። እናቴ አርፋለች፣ እህቴ ደብረ ዘይት አግብታ ሄዳለች። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ነን። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ፣ የሰርግ ሙዚቀኛ፣ ያውም በሰው ጊታር። ኢሕአዴግ ከገባ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል፤ ሰፈሩ በሙሉ ስለ ኮንዶሚኒየም ምዝገባ ያወራል። እኔ የማስበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቤት መውጣት።

አንድ ሳክስፎን ተጫዋች ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ጋር ተዋውሎ ባንድ ሲያሰባስብ፣ ሰርግ ላይ ስጫወት ሰማኝ። «ጣትህ ጥሩ ነው፤ የራስህን ጊታር ይዘህ ከመጣህ ቦታው ያንተ ነው» አለኝ። ማደሪያ አለ፣ ምግብ አለ፣ ደመወዝ አለ። ሐይቅ አለ! በማግስቱ ቁርስ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። የያዘውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«አዝማሪ ልትሆን ነው?» አለኝ።

«ጊታር ነው ያልኩህ፤ ማሲንቆ መሰለህ እንዴ?»

ይህን ባልልስ ምን ነበረበት! ምላሴ መቼም ከእኔ ቀድማ ነው የምትሮጠው። አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጋኝ። የእኔን ድርሻ በክዳን ከድኖ ያስቀምጥልኛል፣ እሱ ቀድሞ ለብቻው ይበላል፣ ከቤት ስወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አራት ወር! ከራዲዮው በቀር በቤቱ የሚናገር አልነበረም። እኔም ብሶብኝ አኮረፍኩ፤ የእሱ ልጅ አይደለሁ?

ነገሩን ያነሡት ጥግ ላይ ያሉት ባለሱቅ ናቸው። የስልጤ ሰው ናቸው፤ መካ ደርሰው ከመጡ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። «አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ስኳር መግዛት ከጀመሩማ ነገር ከፍቷል ማለት ነው» ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ፤ እሳቸው፣ ከአባቴ ጋር የሠሩት ጡረተኛ የባቡር ነጂ፣ እና የንስሐ አባታችን።

አባቴ ተናገረ፣ እኔ ተናገርኩ። ቄሱ፣ «ንጉሥ ዳዊትም እኮ በገና ይደረድር ነበር» አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል፣ «ሆቴል ግን አልሄደም» ብለው ቀጠሉ። የባቡር ነጂው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እንዲህ ወዲያና ወዲህ ሲባል ቆይቶ አባቴ ድንገት ቀና አለ።

«ይሂድ» አለ። «አልከለክልም። ግን እኔ አናጢ ሆኜ ልጄ የሰው ዕቃ አንጠልጥሎ አይሄድም። ጊታሩን እኔው እሠራለታለሁ። እስኪያልቅ ቤቱ ይቀመጥ፤ ሥራም ይያዝ።»

የባቡር ነጂው ጭናቸውን መቱ። «አባት ማለት ይኸ ነው!» እኔ ቀልቤ ተገፈፈ፤ ከደስታ ብዛት ማለቴ ነው። ተነሥቼ የእሱንም የሽማግሌዎቹንም ጉልበት ሳምኩ። ሐጂ ስምምነቱን ጮክ ብለው ደገሙት፦ ጊታሩ እስኪያልቅ ልጅ ከአባቱ ቤት አይወጣም፤ ባለቀ ቀን አባት መርቆ ይሸኘዋል። ቀጥለው፣ «በሉ ዋስ ጥሩ» አሉ። አባቴ የባቡር ነጂውን ጠራ። እኔ እሳቸውን፣ ሐጂን ጠራሁ።

እነዚያ ሽማግሌዎች እኮ ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ባልና ሚስት ሲያፋቱ የበሩን ጓጉንቸር ማን እንደሚወስድ ሳይቀር የሚወስኑ፣ አጥር የገፋን ሰው በስንት ቀን ውስጥ ነቅሎ እንደሚመልስ ቀን ቆርጠው የሚያስፈርሙ ናቸው። ያን ቀን ግን ቀን አልቆረጡም። በአቃቂ ታሪክ ጊታር ያሠራ ሰው ስለሌለ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያውቅ አልተገኘም። ሐጂ ብቻ፣ «ለመሆኑ ስንት ጊዜ ይወስዳል?» ብለው ጠየቁ።

«የእንጨት ነገር ነው» አለ አባቴ። «ሲደርቅ ነው።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም፣ ቂሉ፣ አብሬ ነቀነቅሁ።

ዋስ ማለት ቀልድ አይደለም። ቃሌን ባፈርስ የሚያፍሩት እኔ ሳልሆን ሐጂ ናቸው፤ ዋስነታቸው ከፈረሰ ደግሞ ሌላ ቦታ ለሽምግልና ቢቀመጡ ማን ይሰማቸዋል? ከልጅነቴ ጀምሮ ከረሜላ ሲመርቁልኝ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ገባሁ፤ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው ሥራዬ። ለሳክስፎኑ ሰውዬ፣ «ትንሽ ጠብቀኝ፣ ጊታር እየተሠራልኝ ነው» አልኩት። «እጠብቃለሁ» አለኝ። ሁለታችንም የመሰለን ሦስት ወር ቢበዛ ነው።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ወራት በሕይወቴ ከአባቴ ጋር ያሳለፍኳቸው ደጎቹ ወራት ናቸው። የተዋስኩትን የኤሌክትሪክ ጊታር ጠረጴዛ ላይ አጋድመን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ዙሪያውን በእርሳስ ቀዳነው። አባቴ ካሊፐሩን ይዞ እያንዳንዷን ነገር ይለካል፤ ከለካ በኋላ ይጠይቃል። ከገላው ወደ አንገቱ የሾለውን ጫፍ ነክቶ «ይኸ ቀንዱ ምን ይሠራል? ለጌጥ ነው?» ሲለኝ፣ ቆሞ የሚጫወት ሰው ላይ አንገቱ ወደ መሬት እንዳይደፋ ሚዛን እንደሚጠብቅ አስረዳሁት። «እንደዚያ በለኛ!» ብሎ ቀንዱን በአንድ ጣት አስረዘመው። የጊታሩ ክር አንገቱ ጫፍ ካለው ማረፊያ እስከ ብሪጁ፣ ማለት እታች እስከሚታሰርበት ብረት ድረስ፣ ልኩ ከተዛነፈ ጊታሩ ዕድሜውን ሙሉ እንደማይቃኝ ስነግረው ደግሞ ዓይኑ በራ። «ሐዲድ ማለት ነው። አንድ ሜትር ከተባለ አንድ ሜትር ነው፤ ጣት ታህል ከሰፋ ፉርጎው ይገለበጣል።» ለሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ ከእሱ ጋር አንድ ቋንቋ የተነጋገርኩት ያኔ ነው።

እንጨቱን ሲመርጥ ማየት ነበረባችሁ። ለገላው ዋንዛ፣ ቀላልም ድምፅ የሚያሳልፍም ስለሆነ። ለአንገቱ ቀረሮ። ጣት ለሚሄድበት ገጽ ወይራ፣ ምክንያቱም «ወይራን ሰው አይጨርሰውም፤ ወይራ ነው ሰውን የሚጨርሰው» ይላል። ጣውላ ቤት ወስዶኝ አንዱን ጣውላ ከሌላው ለይቶ በጣቱ አንጓ ያንኳኳና ጆሮውን ያስጠጋል። «ይኸኛው ደንቆሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። «ይኸኛው ይሰማል» ብሎ ያቆማል። በመጨረሻ አዲስ የተሰነጠቀ፣ ገና የቅጠል ሽታው ያልለቀቀው ዋንዛ መረጠ። «እርጥብ አይደለም እንዴ?» ስለው፣ «ታዲያ እናደርቀዋለና! ሌላ ሰው ያደረቀውን እንጨት በምን አምነዋለሁ?» አለኝ። አሳመነኝ።

የቀረው ዕቃ ፍለጋ የኔና የሐጂ ፈንታ ሆነ። ዋሴ ስለሆኑ ነገሩ እንዲያልቅ ከእኔ እኩል ቸኩለዋል። ቀበሌው መጋዘን ውስጥ የድሮው የኪነት ቡድን የተወው የተሰበረ ጊታር መኖሩን እሳቸው ናቸው ያስታወሱት። ማመልከቻ ጽፌ፣ ተመላልሼ፣ ማኅተም አስመትቼ ስድስት መቃኛ ቁልፎችና ሁለት ፒክአፖች ነቀልኩ፤ ፒክአፕ ከክሩ ሥር ተቀምጦ ድምፁን የሚለቅመው ማግኔት ነው። አንዱ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሌላው ወፍራምና ሞቅ ያለ ነው። «ለሐይቅ ዳር የትኛው ይሻላል?» ብሎ አባቴ ሲጠይቀኝ ሳቅሁ፣ ግን ከልቡ ነበር። ቀጭኑን ወደ ብሪጁ፣ ወፍራሙን ወደ አንገቱ እንዲሆን ወሰንን።

ክሩንና አንገቱ ላይ የሚተኙትን ቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ ፍሬቶቹን፣ ሐጂ ዱባይ ለሚመላለስ የወንድማቸው ልጅ አዘዙ። ፍሬቶቹ በትክክል መጡ። ክሩ ግን ሲፈታ አራት ብቻ ነው፤ ያውም ገመድ የሚያክል የቤዝ ጊታር ክር! «ስድስት ነው ያልኩት» ስላቸው ሐጂ ቆጥረው ቆጥረው፣ «ወላሂ ሁለቱን በሚቀጥለው ጉዞ ይጨምርልሃል» አሉኝ። ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ያኔ ገና መሳቅ እችል ነበር።

ከዚያ እንጨቱን መጠበቅ መጣ።

አባቴ ዋንዛውን በጊታሩ ልክ ሻካራውን ቆርጦ ኮርኒሱ ሥር ሰቀለው። እንጨት መድረቁ የሚታወቀው ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ነው፤ ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ አውርደን ሐጂ ሱቅ ሚዛን ላይ እናወጣዋለን። ስኳርና ምስር የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ጣውላ ተጋድሞ፣ አባቴ ዓይኑን አጥብቦ፣ ሐጂ በጠመኔ የሱቁን በር ጀርባ እየጻፉ። አራት ኪሎ ከግማሽ ነበር የጀመረው። የሰፈሩ ወጣት ወሬውን ያዘው። ከፈረቃ ስመለስ መንገድ ላይ፣ «አንተ፣ እንዴት ነው፣ ከሳልህ?» ይሉኛል። አንዱማ «ጾም አስይዘው» አለኝ። ሳቅ በሳቅ!

ክረምት ገባና እንጨቱ ወፈረ። በሐምሌ ስናወጣው ካለፈው ወር ከሩብ ኪሎ በላይ ጨምሯል። «እርጥበት ጠጣ» አለ አባቴ፤ ድምፁ ውስጥ ሐዘን ፈለግሁ፣ አጣሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።» በመስከረም ሲከሳ «ገና ነው» አለ። በጥር «ገና ነው» አለ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ክረምት እንደገና ወፈረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲለኝ አንጀቴ አረረ፤ ይኼኛው እንቁላል ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ ለዶሮ ወጥ በደረሰ ነበር።

ሳክስፎን ተጫዋቹ ስድስት ወር ጠብቆኝ ሌላ ሰው ቀጠረ። የሰርግ ባንዱም ፈረቃዬ አልመች ስላለው ተወኝ። ጊታር ያዋሰኝ ልጅ መጥቶ ዕቃውን ወሰደ። «የራስህ ሊያልቅልህ አይደል?» አለኝ፤ ምን ልበለው? ሥራ፣ ቤት፣ ሥራ። የጥጥ ብናኝ ከአፍንጫዬ ሳይወጣ ሌላው ይገባል። አባቴ ግን ኩርፊያውን ትቶ ጨዋታ አውቋል፤ ራት ቀርቦ ይጠብቀኛል፣ ስለ ፈረቃው ይጠይቀኛል፣ ስለ ጊታሩ ቀለም ሐሳብ ያመጣል። እንዲህ ደግ ሆኖልኝ በምን አፌ ልቆጣው? ቢደበድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ የሚደበድብ አባት ያለው ልጅ ቢያንስ ይሮጣል።

ጠዋት የምሳፈርበት ታክሲ ውስጥ ምሳ ዕቃ በፌስታል ያንጠለጠሉ እናቶች ይሞላሉ፤ ማረሚያ ቤት ጠያቂዎች ናቸው። አንዲቱ አጠገቧ ላለችው «ስምንት ወር ነው የቀረው» ስትል ሰማሁና ቀናሁ። አፌን ቁርጥ ያድርገው! በእስረኛ የሚቀና ሰው ምን ይባላል? ግን ቀናሁ። የእሷ ልጅ ቀን ተቆርጦለታል፤ የእኔ በኪሎ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ሐጂ በሩጫ መጥተው ከሐዋሳ ስልክ እንደተደወለልኝ ነገሩኝ። ሱቃቸው ገብቼ ስልኩን አነሣሁ፤ ሳክስፎን ተጫዋቹ ነው። ጊታሪስቱ ጥሎት ወደ ዓረብ አገር ሄዷል። «እስከ ፋሲካ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ በቃ ሌላ እፈልጋለሁ» አለኝ። ስልኩን አስቀመጥኩ። ሮጬ ቤት ገባሁና እንጨቱን አውርጄ፣ ወደ ሱቁ ተመልሼ ሚዛኑ ላይ ጫንኩት። ካለፈው ወር ሃምሳ ግራም ቀንሷል። ቀነሰ ማለት ደግሞ አልደረቀም ማለት ነው። ሚዛኑን በቡጢ ልመታው ስል የባቡር ነጂው፣ የአባቴ ዋስ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«የምን እንጨት ነው?» አሉ።

«የጊታሩ ነዋ፣ ጋሼ። ሦስት ዓመት ሙሉ አልደርቅ ያለው!»

ጠጋ ብለው በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። «አባትህ እርጥብ እንጨት ገዛ? አባትህ?» አሉና ሐጂን አዩ። «ይኸ ሰውዬ እኮ ለፉርጎ እርጥብ ጣውላ ያመጣለትን ሰው ከነጣውላው ነበር የሚያባርረው። ደሞ ያ የሦስተኛ ማዕረግ ወንበር የት ሄደ? ፉርጎው ሲፈርስ አስፈቅዶ የወሰደው። ዋንዛ እኮ ነው፤ እኛ ሳንቀጠር ነው የደረቀው።»

የወንበሩ ጣውላ የት እንዳለ አውቃለሁ። ከቤታችን በር ጀርባ የቆመ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ብርድ ልብስ አልብሼ ሸሚዜን የምተኩስበት። ሦስት ዓመት በሙሉ ሸሚዜን ስተኩስ የኖርኩት መውጫዬ ላይ ነበር።

እሳት ጎረስኩ። በመጀመሪያ ወደ ሐጂ ዞርኩ፤ «ዋሴ ነዎት አይደል? አታለለኝ። በቃ ይልቀቁኝ፣ ዛሬውኑ ልሂድ» አልኳቸው። ሐጂ ጠመኔውን በጣቶቻቸው መሐል አገላበጡ።

«ልጄ፣ ገመድ አላሰርኩብህም» አሉኝ። «ብትሄድ አልከተልህም። ካባትህ ፊት ቆሜ ‹ዋስ የሆንኩለት ልጅ ቃሉን አፈረሰ› እላለሁ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

ይኸ መልቀቅ ነው? ይኸማ ሁለተኛ ቁልፍ መቆለፍ ነው።

ቤት ገባሁ። ጣውላውን ከበሩ ጀርባ ጎትቼ አባቴ በተቀመጠበት ራት ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት፤ ብርጭቆው ተንከባሎ ወደቀ። «ይኸስ እርጥብ ነው?» አልኩት።

የምስማሩን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ምስማር በልቶታል» አለ ቀስ ብሎ።

«የሲሚንቶ ወረቀቱን ዘርጋበት። ምስማሩን ዘለን እንቀደዋለን። አንተ ይኸ ጠፍቶህ ነው? አንተ!» ድምፄ ጎረቤት እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ይስማ። «ጊታር አይደለም ስትሠራ የኖርከው፣ አጥር ነው። ብቻህን መብላት ፈርተህ ነው፣ አባባ!»

አባቴ ብርጭቆውን ጎንበስ ብሎ አነሣ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

«ታዲያ ብፈራስ?» አለኝ።

ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ገብቼ ተኛሁ። በማግስቱ ከፈረቃ ስመለስ ግን ግቢው በአረንጓዴ ፍቅፋቂ ተሞልቷል፤ መላጊያውን ይዞ ጎንበስ ብሎ ይሠራል።

ጾም ሳይገባ ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾሙ መገባደጃ ሠራ። ለሦስት ዓመት ያልተነሣ እጅ በሁለት ወር ውስጥ እንዲያ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። በመጋዝ ቀንዱን አወጣ፣ በመሮ ለፒክአፖቹ ጎድጓዳቸውን ቆፈረ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጎኑን እንደ ሕፃን ገላ አለሰለሰው። ሊዘላቸው ያልቻለውን ሦስት የምስማር ቀዳዳዎች በወይራ ውሻል ደፈናቸው። ሽቦውን በሰቃ ያለ ራዲዮ ጠጋኝ በየደው። ፍሬቶቹን አንድ በአንድ በእንጨት መዶሻ ሲያስገባ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ሐጂም ስድስቱን ክር በትክክል አስመጡ።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከፈረቃ ስገባ ጊታሩ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። አባቴ እጁን ታጥቦ ኮቱን ለብሷል። ከድሮ ባንዴ ያስመጣልኝ ትንሽ አምፕሊፋየር አጠገቡ ተሰክቷል።

«ሽማግሌዎቹን ለነገ ጠርቻቸዋለሁ» አለኝ። «ምርቃቱን ግን እኔው ነኝ የማደርገው፤ ቄሱ ያስረዝሙብናል። እስቲ በል።»

አነሣሁት። ቀላል ነው፤ ደረቴ ላይ ሲያርፍ አንገቱ አይደፋም። ቃኘሁት፣ ያዘ። ከመሃል አንገት ላይ ተጭኜ ሞከርኩት፣ ልኩ ፀጉር ታህል አልተዛነፈም። ድምፁ... ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ የሚያምር ጊታር ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አልያዝኩም።

ጣቶቼ ግን አልነበሩም። በሰርግ ዓይኔን ጨፍኜ የምጫወተውን አንድ ቀላል ዜማ ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ኖታ ላይ ጣቴ ሳተ። እንደገና ጀመርኩ፣ ሳተ። እነዚህ ጣቶች ክር ሲቀጥሉ ነው የከረሙት፤ የራሴ እስኪደርስ ብዬ የማንንም ጊታር ሳልነካ ስንት ወር አለፈ? በሦስቱ ዓመት አንድም ቀን ሳላቋርጥ የተለማመድኩት ነገር ቢኖር በአባቴ መናደድን ነው። በዚያ በርትቻለሁ። አባቴ ስህተቱን አላወቀውም፤ እሱ የሰማው የእንጨቱን ድምፅ ነው፣ ፊቱ ሁሉ በርቷል። እኔ ግን የሐዋሳው ሆቴል ታየኝ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ፣ «ጣትህ ጥሩ ነው» ያለኝ። እዚያ ስወድቅ ማን አሰረኝ እላለሁ? ፈራሁ።

«ብሪጁ ትንሽ ተንሻፏል» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ እኔም ገረመኝ። አባቴ ካሊፐሩን አመጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ከግራ ለካ፣ ከቀኝ ለካ፤ እንደገና ከግራ፣ እንደገና ከቀኝ። ጎንበስ ብዬ ስላየሁ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ከግራም ከቀኝም አንድ ዓይነት ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ «ቀጥ ያለ ነው፣ ሂድ» ቢለኝ የምሄድ ይመስለኛል፤ እንዲለኝ እየለመንኩት ነበር፣ በዓይኔ።

«እውነትህን ነው» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ተንሻፏል። ሽማግሌዎቹን ሌላ ቀን ይሁን እላቸዋለሁ።»

ክሮቹን ከወፍራሙ ጀምሮ አንድ በአንድ አላላቸው። የብሪጁ ብሎን ጋ ሲደርስ ዓይኑን ሳያነሣ እጁን ዘረጋ። ካቻቢቴውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።